ስማቸው ያልገነነ የሰባዎቹ የሶል ሸክላዎች፦ ፈልጎ የማግኘትና የማዳመጥ ዝርዝር መመሪያ

የሶል፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር የበቀለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ዝነኞች የሆኑትን ማርቪን ጌይን፣ ስቲቪ ዎንደርን፣ አል ግሪንን ላስተዋውቃችሁ ብል ትስቁብኛላችሁ። ሆቴል ሎቢ ውስጥ ሳይቀር ይሰማሉ። ይህ ጽሑፍ ስለ እነሱ አይደለም። በዚያው ዘመን፣ አንዳንዴም በዚያው ስቱዲዮ፣ በእነዚያው ሙዚቀኞች ታጅበው ዘፍነው ከከተማቸው ሬዲዮ ሳያልፉ ስለቀሩ ሰዎች ነው። ብዙዎቹ አንድ ሁለት ሸክላ አሳትመው ወደ ፋብሪካቸው፣ ወደ ቢሮአቸው ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ተመልሰዋል። ሸክላዎቹ ግን አሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ስልካችሁ ላይ ይገኛሉ። ጭንቁ ምን ብሎ መፈለግ እንዳለበት አለማወቅ ነው።

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። "ሰባዎቹ" ስልም ከ1970 እስከ 1979 ያለውን ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ዘፋኙን ብቻ ተከትላችሁ ሩቅ አትሄዱም። ዘፋኙ አንድ ጊዜ ዘፍኖ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ተከተሉ የምላችሁ አቀናባሪውን፣ ፕሮዲውሰሩን፣ ስቱዲዮውንና ከተማውን ነው። እነሱ በአንድ ሸክላ አያበቁም። የአንዱን እጅ ከለያችሁ ሃያ ሌሎች ሥራዎች ይከፈቱላችኋል።

መጀመሪያ፦ ለምን እንደተረሱ ይግባችሁ

"ጥሩ ቢሆን ኖሮ ይታወቅ ነበር" የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ሸክላ እንዲሸጥ ሬዲዮ ላይ መውጣት ነበረበት። ሬዲዮ ላይ ወጥቶም ሱቅ ውስጥ ካልተገኘ ዋጋ የለውም። ሱቅ የሚያደርሰው አከፋፋዩ ነው። አከፋፋዩ ደግሞ ለትንሽ አሳታሚ የሚከፍለው ሲመቸው ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ አሳታሚ ሸክላው ሲሸጥለት ሁሉ ይከስራል። የመጀመሪያው ገንዘብ ሳይመለስ ሁለተኛውን በምን ያሳትም?

ኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ቢል ሞስ የሚባል የሬዲዮ ዲጄ ነበር። በሰባዎቹ መጀመሪያ ካፕሶል የሚባል ማሳተሚያ አቋቋመ። ጥቂት ነጠላ ሸክላዎችና አንድ አልበም አወጣ። ከዚያ ተዘጋ። እሱም ኋላ የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል ሆነ። ካሳተማቸው ውስጥ ጆንሰን፣ ሆኪንስ፣ ቴተም እና ደር የሚባል ቡድን አለ። ስማቸው የጠበቆች ቢሮ ይመስላል። ድምፃቸው ግን ሆድ ያባባል። አራቱ አንድ ላይ ሲቀበሉ በጊዜው ከነበሩት ትልልቅ ቡድኖች የሚያንስ ነገር አታገኙባቸውም። ኮሎምበስ ዲትሮይት አለመሆኗ ነው የጎዳቸው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ በዚያ ዘመን እየተናጡ ነበር። የዲትሮይቱ ትልቅ የሶል አሳታሚ ሞታውን በ1972 ከተማውን ለቆ ሎስ አንጀለስ ገባ፤ ብዙ ሙዚቀኛም ያለ ሥራ ቀረ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ። ሸክላ የሚሠራበት ፕላስቲክ የነዳጅ ውጤት ነውና ማተሚያዎቹ ጥሬ ዕቃ አጠራቸው። ቀጥሎ ዲስኮ መጣና ዳንስ ቤቱን ሁሉ ያዘው። ሌላው ትልቅ አሳታሚ፣ የሜምፊሱ ስታክስ፣ በ1975 መጨረሻ ከስሮ ተዘጋ። እንግዲህ ስታክስ ያልቻለውን ቢል ሞስ እንዴት ይቻለው?

ደረጃ 1፦ ከምታውቁት ዘፈን ተነሡ

ቀላሉ መግቢያ ሂፕ ሆፕ ነው። የራፕ ፕሮዲውሰሮች እነዚህን ሸክላዎች ሲቆርጡና ሲቀጥሉ ኖረዋል። የሰማችሁት የዘንድሮ ዘፈን ከሥሩ የማን እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ሁሳምፕልድ የሚባል ድረ ገጽ አለ። የዘፈኑን ስም ስትጽፉ ምንጩን ያሳያችኋል።

አንዱን አብረን እንሂድበት። የድሬክን "ሆትላይን ብሊንግ" ታውቃላችሁ፤ የ2015 ነው። ያ ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ምት የመጣው ከቲሚ ቶማስ የ1972 ሸክላ ነው። ርዕሱ "ዋይ ካንት ዊ ሊቭ ቱጌዘር" ይባላል። በጊዜው ተወዳጅ ነበር፤ ያልታወቀ አልለውም። ግን በር ይከፍታል። ስትሰሙት ባንድ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ኦርጋን፣ ኦርጋኑ ውስጥ የተገጠመ የምት ማሽን፣ አለቀ። ከአንድ ደቂቃ በላይ ማሽኑና ኦርጋኑ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሰውዬው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። እሱም ሰላም እየለመነ። ዛሬ እንዲህ ያለ መግቢያ ይዞ የሚመጣ ሰው ፕሮዲውሰሩ "ቁረጠው" ይለዋል።

አሁን አሳታሚውን ተመልከቱ፦ ግሌድስ። ግሌድስ የማን ነው? ማያሚ አጠገብ ሃያሊያ ውስጥ የነበረው የሄንሪ ስቶን ቤት ነው፤ ኋላ ቲኬ ተብሎ የታወቀው። ሄንሪ ስቶን አከፋፋይ ነበር። ስቱዲዮው ከሸክላ መጋዘኑ ፎቅ ላይ ነበር። ታች ይጫናል፣ ላይ ይቀረጻል። እዚያ ቤት ውስጥ ዊሊ ሄል፣ በመድረክ ስሙ ሊትል ቢቨር የሚባል ጊታሪስት ታገኛላችሁ። ቤቲ ራይት በ1971፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች ያወጣችው "ክሊን አፕ ዉማን" ላይ የምትሰሙት ጊታር የእሱ ነው። የራሱን "ፓርቲ ዳውን" በ1974 አወጣ። ለቅዳሜ ማታ የተሠራ፣ የማይቸኩል፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ዘፈን። ከድሬክ ተነሥታችሁ በሦስት እርምጃ ሊትል ቢቨር ጋ ደረሳችሁ ማለት ነው።

ሌላም ልጨምር። ካንዬ ዌስት በ2013 "ባውንድ 2" ላይ የተጠቀመው ድምፅ የፖንደሮሳ ትዊንስ ፕላስ ዋን ነው። ከክሊቭላንድ የመጡ ልጆች ናቸው። ሁለት ጥንድ መንትዮችና አንድ ተጨማሪ ልጅ፤ ስማቸውም ይኸው ነው። ዘፈኑን በ1971 ሲቀርጹት ገና ለጋ ነበሩ፤ ድምፃቸውም ያስታውቃል። ከጻፉት ሰዎች አንዱ የኦጄይስ አባል የነበረው ቦቢ ማሲ ነው። ኬንድሪክ ላማር በ2017 "ፊር" ላይ የተጠቀመው ደግሞ ትዌንቲ ፎር ካራት ብላክ ከሚባል ቡድን ነው። ስለ እነሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ደረጃ 2፦ የሸክላውን መሀል አንብቡ

ሸክላ መሀሉ ላይ ክብ ወረቀት አለው። ሰው የዘፋኙን ስምና ርዕሱን አይቶ ያልፋል። እናንተ ትንንሾቹን ፊደላት አንብቡ። ሸክላው እጃችሁ ላይ ባይኖርም ችግር የለም። ዲስኮግስና ፎርቲፋይቭካት የሚባሉት ድረ ገጾች የወረቀቱን ፎቶ ያስቀምጣሉ።

ከርዕሱ ሥር በቅንፍ ያሉት የግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ናቸው። የደራሲው ስምና የዘፋኙ ስም አንድ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ የራሱን ጉዳይ ነው የሚዘፍነው። ፕሮዲውሰሩና አቀናባሪው ለየብቻ ይጻፋሉ። አቀናባሪው ላይ ክበቡ። ቫዮሊኑንና የትንፋሽ መሣሪያውን የጻፈው እሱ ነውና ድምፁን የምትለዩት በእሱ ነው። ቀጥሎ የደቂቃው ርዝመት አለ። "ክፍል 1" የሚል ካያችሁ ዘፈኑ ረጅም ስለነበር ለሁለት ተቆርጧል ማለት ነው፤ ገልብጡት። አንዳንዱ ላይ የከተማው ስም አለ። ይህ ወርቅ ነው።

ገልብጡት ካልኩ አይቀር ስለ ጀርባው ገጽ አንድ ነገር። አሳታሚው ለሬዲዮ የሚሸጠውን ፊት ላይ ያደርጋል። ጀርባው ላይ ደግሞ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ዘፈን ይጨምራል። ማንም ስላልጠየቀው ሙዚቀኞቹ እንደልባቸው ይጫወቱበታል። በእኔ አስተያየት ከሚፈለጉት ሸክላዎች ብዙዎቹ የሚፈለጉት ለጀርባቸው ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ሰው መርጣችሁ ሥራውን እስከ ጥግ ተከተሉ

ምሳሌዬ ቺካጎ ውስጥ የነበረው ቻርልስ ስቴፕኒ ነው። ስሙን ባታውቁትም ሥራውን ሰምታችኋል። ኧርዝ ዊንድ ኤንድ ፋየርን በ1975 ትልቅ ስም ያደረጋቸውን አልበም ከሞሪስ ዋይት ጋር አብሮ የሠራው እሱ ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1976 ሞተ። ገና ወጣት ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ካዴት ለሚባል አሳታሚ ሲያቀናብር ነበር። ሚኒ ሪፐርተንን በዚያ በሚያስደንቅ ቀጭን ድምፅዋ ሳትታወቅ በፊት፣ በ1970 አልበም ሠራላት። አልተሸጠም። ከዚያም ቴሪ ካሊየርን ያዘ።

ቴሪ ካሊየር ላይ ትንሽ እንቆይ። ያደገው ቺካጎ ነው፤ ኋላ ዝነኛ ዘፋኞች የሆኑት ከርቲስ ሜይፊልድና ጄሪ በትለር የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ጊታሩን ይዞ ቡና ቤት እየዘፈነ ነው የጀመረው። በ1971 ዴልስ ለሚባለው ቡድን ከጓደኛው ጋር አንድ ዘፈን ጻፈ። ዘፈኑ ተወደደ። በዚያ ሳቢያ ካዴት አስፈረመው። ከስቴፕኒ ጋር ሦስት አልበም ሠሩ። ሦስቱም ሳይሸጡ ቀሩ።

"ዋት ከለር ኢዝ ላቭ" የሚለውን አልበም ክፈቱ። የመጀመሪያው ዘፈን "ዳንሲንግ ገርል" ይባላል፤ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው። ሲጀምር ጊታርና አንድ ሰው ብቻ ነው። ሕልም አየሁ እያለ ያወራችኋል፤ መዝፈን እንኳን አይመስልም። ቫዮሊኖቹ ከሩቅ መጥተው ይገባሉ። ስታስቡት ከበሮ የለም። ቆይቶ ቤዙና ድራሙ ሲገቡ ዘፈኑ ጥርጊያ መንገድ እንዳገኘ መኪና ይነሣል። ትንፋሾቹ ይጨመራሉ፣ ሰውዬው ቃሉን ትቶ ያንጎራጉራል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይረግባል። ይህ ፎክ ነው? ጃዝ ነው? ሶል ነው? የሬዲዮ ሰዎችም ይህን ነበር የጠየቁት። መልስ ስላጡ አላጫወቱትም።

ካሊየር በሰማንያዎቹ ሴት ልጁን ለማሳደግ ሲል ሙዚቃውን ተወ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ተማረና ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተቀጠረ። የሥራ ባልደረቦቹ ዘፋኝ እንደነበረ አያውቁም። በዚያው ጊዜ ለንደን ውስጥ ዲጄዎች ሸክላዎቹን እየፈለጉ ያጫውቱ ነበር። አሲድ ጃዝ የሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ባለቤት፣ ኤዲ ፒለር፣ አፈላልጎ ደወለለት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው የዓመት ዕረፍቱን እየወሰደ እንግሊዝ ሄዶ ይዘፍን ጀመር። በ1998 አዲስ አልበም አወጣ። በ2012 አረፈ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። አንድ አቀናባሪ ያዙና ዲስኮግስ ላይ ስሙን ጫኑ። የሠራቸው ሁሉ በዓመት ተደርድረው ይመጣሉ። ከ1970 ጀምራችሁ የማታውቁትን ዘፋኝ ብቻ ምረጡ።

ደረጃ 4፦ ከተማ ምረጡ

በዚያ ዘመን ከተማ ድምፅ ነበረው። ፊላደልፊያ ሲግማ ሳውንድ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነገር ከሩቁ ይታወቃል፦ ቫዮሊን ብዙ ነው፣ ቫይብራፎን አለ፣ የኧርል ያንግ ድራም ንጹሕና ፈጣን ነው። ቺካጎ ለስለስ ይላል፤ ትንፋሹም ቀላል ነው። ዲትሮይት ሞታውን ከሄደ በኋላ ሸካራ ሆነ።

እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ሜምፊስን እመርጣለሁ። ሮያል ስቱዲዮ የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነው። ወለሉ እንደ ሲኒማነቱ ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ ስቱዲዮውን የሚመራው ፕሮዲውሰር ዊሊ ሚቼል አላስተካከለውም። ቴኒ፣ ቻርልስና ሊሮይ የሚባሉ የሆጅስ ልጆች፣ ሦስት ወንድማማቾች፣ ጊታር፣ ኦርጋንና ቤዝ ይዘዋል። ድራም ላይ ሃዋርድ ግራይምስ አለ። አል ግሪንን የዓለም ሰው ያደረገው ይህ ቡድን ነው። ልብ በሉ፣ ይኸው ቡድን በዚያው ክፍል ውስጥ ኦ.ቪ. ራይትን፣ ኦቲስ ክሌይን፣ ሲል ጆንሰንን አጅቧል።

ኦ.ቪ. ራይትን ስሙት። ከመዝሙር የመጣ ሰው ነው፤ ከመዝሙሩም አልወጣም። በ1971 ያወጣው "ኤ ኒክል ኤንድ ኤ ኔል" ኪሱ ውስጥ አምስት ሳንቲምና ሚስማር ብቻ ስለቀረው ሰው ነው። አል ግሪን ያባብላል፤ ኦ.ቪ. ራይት አያባብልም። አንጀቱን አውጥቶ ነው የሚያሳያችሁ። ሙዚቀኞቹ ደግሞ ከኋላው ቁጥብ ናቸው፤ አንድ ትርፍ ምት አይመቱም። ይህ ልዩነት ነው ጆሮ የሚይዘው። በ1980፣ በ41 ዓመቱ ሞተ። ከጥቁር አሜሪካውያን ደቡብ ውጭ ያን ያህል ሰው አላወቀውም።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። ዛሬ የሐበሻ ምግብ ቤት የሞላበት ዩ ስትሪት አካባቢ ቀድሞ የጥቁሮች ሙዚቃ ዋና ጎዳና ነበር። ሃዋርድ ቲያትር እዚያው ነው።

ደረጃ 5፦ አንዱን ዘፈን ደጋግማችሁ ስሙ

በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሆንም። ቤዙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ሶል ያለ ቤዝ ምኑም አይደለም። ጥሩ ሄድፎን ወይም ትንሽ ስፒከር ይበቃል።

መጀመሪያ ስትሰሙ ዘፋኙን እርሱት። ቤዝና ድራም ብቻ። ሀብታሞቹ አሳታሚዎች አንዱን ዘፈን እየደጋገሙ ያስቀርጹ ነበር። የትንንሾቹ የስቱዲዮ ኪራይ በሰዓት ስለሚቆጠር ተጣድፈው ይጨርሳሉ። ስለዚህ የቀረችውን ስሕተት ትሰማላችሁ። ትራምፔቱ ትንሽ ይዘገያል፤ ከተቀባዮቹ አንዱ ቀድሞ ይገባል፤ ዘፋኙ ለማይክሮፎኑ ይቀርብና ድምፁ ይፈነዳል። ሰዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እንደቆሙ የሚነግራችሁ ይህ ነው። ለእኔ የእነዚህ ሸክላዎች ዋናው ውበታቸው እዚህ ላይ ነው። የተወለወለ ነገር ሌላ ቦታ ሞልቷል።

ሁለተኛ ተቀባዮቹን ስሙ። አብዛኛው ዘፋኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደገው። መሪው ይጥላል፣ ተቀባዩ ያነሣል። ከቀጭኑ ድምፅ ወደ ወፍራሙ ሲወርድም ተከታተሉት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዳሮንዶ የሚባል ሰው በሰባዎቹ መጀመሪያ ሦስት ነጠላ ሸክላ ብቻ አወጣ። "ዲድንት አይ" የሚለውን ስሙለት። ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሰበራል፣ ተመልሶ ይነሣል። ትልቅ አሳታሚ ቢሆን "እንደገና ዝፈነው" ይለው ነበር። በ2006 ተሰብስቦ እስኪታተም ድረስ ሰው ረስቶት ነበር።

ሦስተኛ ግጥሙን። ጊዜው የቬትናም ጦርነት፣ የሥራ አጥነትና የተቃጠሉ ሰፈሮች ጊዜ ነው። ትዌንቲ ፎር ካራት ብላክ እመለስባቸዋለሁ ያልኳቸው ናቸው። ዴል ዋረን የሚባል የስታክስ አቀናባሪ ወጣቶች ሰብስቦ በ1973 ስለ ድህነት አንድ ሙሉ አልበም ሠራ። ከዳር እስከ ዳር ድህነት ነው፤ የዳንስ ዘፈን ፈልጎ የገዛ ሰው ደንግጦ ይሆናል። አልተሸጠም። ኋላ ግን የራፕ ፕሮዲውሰሮች ሲመላለሱበት ኖሩ።

እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የሚቀል ነገር አለ። የአዲስ አበባን የዚያ ዘመን ሸክላ የሰማ ጆሮ ግማሹን መንገድ ሄዷል። አምሃ እሸቴ በ1969፣ ሸክላ ማሳተም በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ፣ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። መጀመሪያ ያሳተመው ዓለማየሁ እሸቴን ነው፤ የኢትዮጵያ ጀምስ ብራውን ይሉት የነበረውን። የአሜሪካን ሶል ሙዚቀኞቻችን በሬዲዮም ሰምተውታል። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ አንዱ ምንጭ ነበር። እዚያም እዚህም ታሪኩ ይመሳሰላል፦ ትንሽ አሳታሚ፣ ነጠላ ሸክላ፣ አጭር ዘመን፣ ከዚያ ዝምታ። የእኛውንም ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በ"ኢትዮፒክስ" ተከታታይ ሲዲዎች እንደገና አሳተመው።

ደረጃ 6፦ ቀድመው የቆፈሩትን ተጠቀሙ

እነዚህን ሸክላዎች ከመጥፋት ያዳኗቸው በብዛት የሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ሠራተኞች ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይደለም። ማንቸስተር፣ ዊጋን፣ ብላክፑል። ያልተሸጠ የአሜሪካ ሶል እየፈለጉ ሌሊቱን ሙሉ ይጨፍሩ ነበር። ዊጋን ካዚኖ የሚባለው ጭፈራ ቤት ከ1973 እስከ 1981 ድረስ የዚህ ዋና ቤት ነበር። መጠጥ አይሸጥም። ለመሽከርከር እንዲያመች ወለሉ ላይ ታልክ ፓውደር ይነሰንሳሉ። ዲጄዎቹ ደግሞ ተፎካካሪ እንዳያውቅባቸው የሸክላውን መሀል በወረቀት ሸፍነው የሐሰት ስም ይሰጡት ነበር። ይህን ሙዚቃ ኖርዘርን ሶል ብሎ የሰየመው የለንደኑ ዴቭ ጎዲን ነው። ብዙው የስድሳዎቹ ሸክላ ነበር። ብላክፑል መካ የሚባለው ጭፈራ ቤት ዲጄዎች ግን ወደ ሰባዎቹ አዳዲስ ሸክላዎች ዘለሉ። በዚህ የተነሣ ሁለቱ ወገኖች ክፉኛ ተጣሉ።

የእናንተ ሥራ ግን ቀላል ነው። ቺካጎ ያለው ኑሜሮ ግሩፕ "ኤክሰንትሪክ ሶል" የሚል ተከታታይ አለው። እያንዳንዱ ቅጽ አንድ ትንሽ አሳታሚን ወይም አንድ ከተማን ይዞ ይነሣል። የመጀመሪያው፣ በ2004 የወጣው፣ የቢል ሞስ ካፕሶል ነው። ከእሱ ጀምሩ። ቀስ ያለ፣ የሚያስለቅስ ሶል የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ዴቭ ጎዲን ከ1997 ጀምሮ ኬንት ለሚባለው የእንግሊዝ አሳታሚ የመረጣቸው አራት ሲዲዎች አሉ። አብሯቸው የሚመጣው ጽሑፍ ራሱ ይነበባል።

ዩቲዩብን አልጠላውም። ብዙ ሰብሳቢዎች ሸክላቸውን እያዞሩ ይጭናሉ። ግን አንዱን ሳትጨርሱ ሌላውን ያመጣባችኋል፤ ማን እንደዘፈነው ሳታውቁ ሰዓቱ ይሄዳል። ስም መጻፊያ ማስታወሻ አጠገባችሁ ይኑር።

ደረጃ 7፦ ሸክላውን ራሱን መግዛት ከፈለጋችሁ

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ይበልጥ ይሠራል። አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ የበጎ አድራጎት ሱቆች፣ ግቢ ውስጥ የሚዘረጉ ሽያጮች፣ የሸክላ ትርዒቶች አሉ። አብዛኛው ነጠላ ሸክላ ሰባት ኢንች ነው፤ በደቂቃ 45 ጊዜ ይዞራል። የአሜሪካኖቹ መሀላቸው ሰፊ ቀዳዳ ስላለው ለማጫወቻችሁ መሙያ ያስፈልጋችኋል። ርካሽ ነው፣ ሳንቲም ነው ዋጋው። ማጫወቻውን ስትከፍቱም ከ33 ወደ 45 መቀየር አትርሱ፤ አለዚያ ሴቷ ወንድ ትሆንባችኋለች።

የሚፈተሸው ነገር ዕቃው ነው። ብዙ የአሜሪካ ነጠላ ሸክላ የተሠራው ከቪኒል ሳይሆን ስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው። ቀለል፣ ደረቅ ይላል። በጥፍር መታ ሲያደርጉት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ዕዳው ቶሎ ማለቁ ነው። ባረጀ መርፌ ጥቂት ጊዜ ከተጫወተ ይንሿሿል፤ አጥባችሁም አይድንም። ስትገዙ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሉና ጎድጎዱን እዩት። ያበራ ከሆነ ጥሩ ነው። ግራጫ ሆኖ ከታያችሁ ሌላ ሰው ጨርሶታል። ማጠፍ አይታሰብም፤ ይሰበራል።

የጥራት ደረጃ አጻጻፋቸው ለጀማሪ ያደናግራል። ከላይ ሚንት (ፍጹም አዲስ)፣ ቀጥሎ ኒር ሚንት (ለአዲስ የቀረበ)፣ ከዚያ ቪጂ ፕላስና ቪጂ ("በጣም ጥሩ" ለማለት) ይላሉ። "ጂ" ከተባለ ጥሩ ማለት ይመስላል፤ በተግባር ግን ከተጫወተ ዕድለኛ ናችሁ። ለመስማት ከሆነ ቪጂ ፕላስ ይበቃል። ነጭ ወረቀት ያላቸው፣ "ለሽያጭ አይደለም" የሚሉ ደግሞ ለሬዲዮ የተላኩ ናቸው። አንዳንድ ዘፈን ከዚህ ሌላ ቅጂ የለውም። ፍራንክ ዊልሰን በ1965 ለሞታውን የዘፈነው አንድ ሸክላ በዚህ ምክንያት በ2009 ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጧል። እናንተ ወደዚያ አትግቡ።

ውድ ሸክላ በርካሽ ካያችሁ መርፌው ከሚያቆምበት ባዶ ቦታ ላይ የተጫሩትን ቁጥሮች ዲስኮግስ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ካልተገናኙ ኋላ የታተመ ወይም አስመስለው የሠሩት ነው። በፈቃድ እንደገና የታተመ ከሆነ ግን ግዙት እንጂ አትናቁት፤ ብዙ ጊዜ ድምፁ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ፈቃድ ያልኩት ለምክንያት ነው። ከእነዚህ ዘፋኞች ብዙዎቹ ከሸክላው ሳንቲም አላገኙም። የፖንደሮሳዎቹ አንዱ ድምፃዊ "ባውንድ 2" በወጣበት ዓመት ማብቂያ ላይ "ድምፄን ሳትከፍሉኝ ተጠቀማችሁበት" ብሎ ክስ መሥርቷል። አሳታሚው ዘፋኙን ወይም ቤተሰቡን አፈላልጎ እንደሆነ አብሮት ከመጣው ጽሑፍ ታውቃላችሁ። የሰዎቹ ፎቶና ታሪካቸው ካለበት አንድ ሰው ሄዶ አነጋግሯቸዋል። ባንድካምፕ በሚባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ መግዛትም ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲደርስ አንድ መንገድ ነው።

ለመጀመሪያው ሳምንት

ሁሉንም አንዴ አትጀምሩ። በሊትል ቢቨር ግቡ፣ ቀላል ነው። ቀጥሎ የካፕሶልን ስብስብ ከነጽሑፉ ያዙ። ሹጊ ኦቲስ በ1974 ብዙውን መሣሪያ ብቻውን ተጫውቶ የሠራውን አልበምም አንድ ማታ ስጡት። በጊዜው ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፤ በ2001 እንደገና ሲታተም ግን የዚያ ዓመት ሥራ ይመስል ነበር። ቴሪ ካሊየርን ቅዳሜ ጠዋት፣ ማንም በማይጠራችሁ ሰዓት። ኦ.ቪ. ራይትን ሆዳችሁ ሲከፋ አትክፈቱት፤ ያባብሳል።

በመጨረሻ ሲል ጆንሰን ቺካጎ ሳለ የሠራውን "ኢዝ ኢት ቢኮዝ አይም ብላክ" ስሙ። ስትፈልጉት ሁለት ቅጂ ይመጣላችኋል። አጭሩ ለሬዲዮ የተቆረጠው ነው። እናንተ በ1970 በወጣው አልበም ላይ ያለውን፣ ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚሄደውን ምረጡ።